ከማይስማማን ሰው ጋር መነጋገር እንዴት ይለመዳል?

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት ምን ያህል ይመስላችኋል? ተመራማሪዎች በተለያዩ የዓለም ክፍሎች የሚነገሩ 10 ቋንቋዎችን ይዘው ለክተውታል። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ክፍተቱ በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ። እዚህ ላይ አንድ የማይገጥም ነገር አለ። አንዲት ቃል አስቦ ከአፍ ለማውጣት ብቻ አእምሯችን 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ታዲያ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንዴት መልስ እንሰጣለን? ቀድመን ስለምናዘጋጅ ነው። ሌላው ሰው ገና እያወራ እኛ የምንለውን መደርደር ጀምረናል።

ለተራ ጨዋታ ይህ ግሩም ችሎታ ነው። ወሬ ሳይቆራረጥ የሚፈሰው በእሱ ነው። ርዕሱ ሃይማኖት፣ ፖለቲካ፣ ዘር ወይም የፆታ ጉዳይ ሲሆን ግን ያው ልማድ ይጎዳናል። ግማሹን ሰምተን ግማሹን ከራሳችን እንሞላለን። ከዚያ ራሳችን ለሞላነው መልስ እንሰጣለን። ወዲያኛውም እንዲሁ ያደርጋል። "አልገባህም!" "አንተ ነህ ያልገባህ!" ይባባላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከዚህ የጀመርኩት አንድ አስተሳሰብ እንዲቀየር ስለምፈልግ ነው። ከማይስማሙት ሰው ጋር በአክብሮት መነጋገር የጸባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። ጨዋ ሰው ያዳምጣል፣ ባለጌ አያዳምጥም፤ በቃ። ስለዚህ ተማሪዎች ሲጋጩ የሚያገኙት ምክር ብቻ ነው። "ተከባበሩ፣ ተቻቻሉ" ይባላሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው አይነግራቸውም። መደማመጥ እንደ ዋና ነው፤ በልምምድ የሚያዝ ችሎታ። ስለ ዋና የቱንም ያህል ንግግር ቢሰማ፣ ውሃ ውስጥ ያልገባ ሰው አይዋኝም።

አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ለምን አይበቃም?

ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ልምምድ የተመቸ ቦታ ነው። ብዙ ወጣት ከቤተሰቡ የተለየ ነገር ከሚያምን ሰው ጋር አንድ ክፍል የሚያድረው፣ አብሮት አሳይመንት የሚሠራው መጀመሪያ እዚያ ነው። ችግሩ፣ ብዙ ተቋማት ሥራቸው በዚህ ያለቀ ይመስላቸዋል። የተለያዩ ተማሪዎችን አንድ ግቢ ውስጥ ሰብስበናል፤ ቀሪውን ራሳቸው ይወጡታል ይላሉ። አይወጡትም። ከክፍል ሲወጡ ሁሉም መሰሉን ፈልጎ ይሄዳል። ስሜት የሚነካ ርዕስ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ሁለት ሦስት ሰው ይፋጠጣል፤ የቀረው ስልኩን ያያል።

አንድ ላይ መሆን ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 አስረድቷል። የተለያዩ ቡድኖች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲኖሩ ነው አለ። በዚያ ግንኙነት ውስጥ እኩል ደረጃ ይኑራቸው። የጋራ ግብ ይኑራቸው። ግቡ ላይ የሚደርሱት በመፎካከር ሳይሆን በመተጋገዝ ይሁን። ከላይ ያለው አካልም ግንኙነቱን ከልቡ ይደግፈው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ ከ500 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። መገናኘት በጥቅሉ ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ አራቱ ነገሮች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ እንደሚጠነክር አገኙ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተስፋ ማንጠልጠል አይገባም። ተመራማሪዋ ሳልማ ሙሳ በሰሜን ኢራቅ ያደረገችው ሙከራ በ2020 ታትሟል። በአይሲስ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ክርስቲያን ወጣቶች በእግር ኳስ ሊግ ይጫወቱ ነበር። አንዳንዶቹ ቡድኖች በዕጣ ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩባቸው። ሌሎቹ እንደነበሩ ቀሩ። የተቀላቀሉት ቡድኖች ክርስቲያን ተጫዋቾች አብረዋቸው ለሚጫወቱት ሙስሊሞች ያላቸው ባህርይ በግልጽ ተሻሻለ። ከወራት በኋላም አብረው ይለማመዱ ነበር። ከሜዳው ውጪ ለማያውቋቸው ሙስሊሞች ግን ለውጡ ያን ያህል አልተሻገረም። ለእኔ ይህ ውጤት የሚናገረው ግልጽ ነው። አብሮ መጫወት፣ አብሮ ማጥናት በር ይከፍታል። ስለ ልዩነቱ ራሱ መነጋገር ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ለብቻው መሠራት አለበት።

ይህን ሥራ ቀደም ብሎ በሥርዓት ከጀመሩት አንዱ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊዜው 1988 ነው፤ ግቢው በዘር ውጥረት ውስጥ ነበር። የዘረጉት ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ማንነት ያላቸውን ተማሪዎች በተቀራራቢ ቁጥር አንድ ላይ ያስቀምጣል። አወያዮቹም ሁለት ናቸው፤ ከየወገኑ አንድ። ውይይቱ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ በአንድ ከሰዓት አያልቅም። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፣ እንዴት እንደሚነጋገሩም ይማራሉ። ቀጥሎ የየራሳቸውን የሕይወት ልምድ ያካፍላሉ። አከራካሪዎቹ ርዕሶች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ አብረው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያስባሉ። ይህ አካሄድ በኋላ በ9 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን በዕጣ በመመደብ ተፈትሿል። የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ ሌላውን ወገን በመረዳትና በመቆርቆር ተሻሽለው ተገኝተዋል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው። ግቢ ውስጥ ነገር ከተበላሸ በኋላ ስብሰባ ይጠራል። የማይተዋወቁ ሰዎች ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይገባሉ። በጣም ከባዱ ርዕስ መጀመሪያ ይነሳል፤ ማይክ ይዞራል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ካረገበው ይልቅ ያከረረው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

መልሶ መናገር

ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ እንዲለማመዱ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሐሳቡ የካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ባደረገው ንግግር ቀላል የምትመስል ደንብ አቀረበ። ከሰው ጋር ስትከራከሩ የራሳችሁን ከመናገራችሁ በፊት የእሱን ሐሳብ መልሳችሁ ንገሩት። እሱ "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" እስኪል ድረስ ተራው የእናንተ አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። ርዕሱ "ሰውን የሚያቆስል ንግግር የሚናገር እንግዳ ግቢ ውስጥ መድረክ ይሰጠው ወይ?" ነው እንበል። አንዱ ተማሪ አይሰጠው ይላል። የተለመደው መልስ እንዲህ ነው፦ "ስለዚህ የማትወዱት ሰው ሁሉ አፉ ይዘጋ ነው የምትለው?" ልጁ እንደዚያ አላለም። አሁን ያላለውን ሊከላከል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት በከንቱ ይሄዳል።

ሮጀርስ ባለው መንገድ ቢሆንስ? "የምትለው ይህ መሰለኝ። መድረክ ስንሰጠው ተቋሙ ራሱ ንግግሩን የደገፈ ይመስላል። የተሰደቡት ተማሪዎችም ብቻቸውን እንደቀሩ ይሰማቸዋል። በትክክል ተረድቼሃለሁ?" ልጁ ምናልባት እንዲህ ይላል፦ "የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ብቸኝነት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ጥቃት ይደርስባቸዋል ብዬ ነው የምፈራው።" እነሆ፣ ነገሩ ተቀየረ። ጥያቄው "መናገር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል" ብቻ መሆኑ ቀረ። የደኅንነት ጥያቄም ሆነ። ለደኅንነት ደግሞ ሁለቱም የሚስማሙበት መፍትሔ ሊኖር ይችላል። ያቺ "ሁለተኛው ግን አይደለም" የምትለው እርማት የልምምዱ ዋና ፍሬ ናት። ተናጋሪው ራሱ ሐሳቡን የሚያጠራው ያኔ ነው።

ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ቶሎ የሚያነሱት ስጋት አለ። "መልሼ ከተናገርኩለት የተስማማሁ አይመስልም?" አይመስልም። ሐሳቡን በትክክል ካስቀመጠ በኋላ "እኔ ግን በዚህ አልስማማም" የሚል ሰው ይበልጥ ነው የሚደመጠው። ሌላው አሁን እንደተሰማ ያውቃል። ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም።

ልምምዱ የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ። አንደኛው የሌላውን ቃል እንዳለ መድገም ነው። ይህ ሰሚው እንዳልተረዳ ነው የሚያሳየው፤ በራስ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ሌላው የከፋ ነው። ሐሳቡን እየደገሙ ትንሽ ማጣመም፣ ከዚያ "እሺ?" ብሎ ወጥመድ ውስጥ ማስገባት። ይህን የሚያደርግ ተማሪ የክርክር ውድድር ላይ ያለ መስሎታል። በክርክር ውድድር ዳኛ አለ፤ ግቡም ዳኛውን ማሳመን ነው። እዚህ ዳኛ የለም። "በትክክል ይዘኸኛል" የሚለው የሐሳቡ ባለቤት ብቻ ነው።

ሲጀመር ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሥራት ይሻላል። አንዱ 3 ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጥም። ከዚያ መልሶ ይናገራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሞክራል። በዚህ ዙር መቃወም አይፈቀድም። ከዚያ ይቀያየራሉ። ርዕሱ በመጀመሪያ ቀለል ያለ ይሁን፤ ለምሳሌ ክፍል መቅረት ነጥብ ያስቀንስ ወይ የሚል። ቀላል ርዕስ ላይ እንኳ በመጀመሪያ ሙከራ "አዎ፣ ይህንን ነው ያልኩት" ማሰኘት ከባድ ነው። ተማሪዎች ያን ጊዜ ነው ልምምዱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባቸው።

ከአቋሙ ጀርባ ያለውን መጠየቅ

ጥያቄ ሁሉ ጥያቄ አይደለም። "እንዴት እንዲህ ታስባለህ?" ተግሣጽ ነው። "ወደዚህ ሐሳብ ያመጣህ ምንድን ነው?" ግን የሰውየውን ታሪክ ይጋብዛል። ታሪክ ደግሞ ከመከራከሪያ ነጥብ የተለየ ኃይል አለው። ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ በ2016 ያሳተሙት ጥናት ይህን አሳይቷል። በአሜሪካዋ ማያሚ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ትራንስጀንደር (ፆታቸውን ስለቀየሩ) ሰዎች 10 ደቂቃ ገደማ ያወሩ ነበር። ፍርድ ሳይሰጡ ያዳምጣሉ። የቤቱን ባለቤት፣ ከሌሎች በመለየቱ የተፈረደበትን ጊዜ እንዲያስታውስ ይጠይቁታል። ለእነዚህ ሰዎች የነበረው ጭፍን ጥላቻ ቀነሰ፤ ለውጡም ቢያንስ 3 ወር ቆየ። ተመራማሪዎቹ በ2020 ባወጡት ሌላ ሥራ የታሪክ ልውውጡን አውጥተው መከራከሪያ ነጥቦቹን ብቻ ሲያስቀሩ ውጤቱ ጠፋ።

ሌላ ጠቃሚ ጥያቄ አለ፤ "ይህ በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው?" የሚለው። ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪል በ2002 ያሳዩት ነገር አለ። ሰዎች እንደ ዚፕ ያሉ የየዕለት ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ አውቃለሁ ይላሉ። ደረጃ በደረጃ አስረዱ ሲባሉ ግን ይቸገራሉ፤ ለዕውቀታቸው የሰጡትን ግምትም ዝቅ ያደርጋሉ። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ በፖለቲካ ፖሊሲዎች ላይ ሞከሩት። እዚያም ሰዎች የሚያውቁት ካሰቡት ያነሰ መሆኑን አዩ፤ አቋማቸውም ለዘብ አለ። በኋላ በተደረጉ ድግግሞሾች የመጀመሪያው ክፍል ሲጸና የአቋሙ መለዘብ ሁልጊዜ አልታየም። ለክፍል ውስጥ ውይይት የመጀመሪያው ይበቃናል። "እኔም ይህን ያህል አላውቅም ለካ" ያለ ተማሪ ሌላውን ለመስማት ቦታ አለው። ጥያቄው ግን ለሁለቱም ወገን መቅረብ አለበት። ለአንዱ ብቻ ከቀረበ ማዋረጃ ይሆናል።

ስለ አነጋገር ደግሞ ጁሊያ ሚንሰንና ባልደረቦቿ ያጠኑት ለተማሪ ቶሎ የሚገባ ነው። ሌላውን የሚያቀርብ አነጋገር ምልክቶች አሉት። እርግጠኝነትን ላላ ማድረግ፣ የሚስማሙበትን ነጥብ በስሙ መጥራት፣ የተባለውን እንደሰሙ ማሳየት፣ ከ"አይደለም፣ አይሆንም" ይልቅ የሚደግፉትን መናገር። ይህ አቋምን መደበቅ አይደለም። "በእኔ እይታ" ብሎ የጀመረ ሰው የፈለገውን ያህል ጠንካራ ነገር ሊናገር ይችላል።

የአወያዩ ሥራ

አወያይ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ሠልጥኖ የመጣ ተማሪም ሊሆን ይችላል። ሥራው ከሚታየው በላይ ከባድ ነው። ከሁሉ በፊት ዝምታን መቻል አለበት። ሜሪ በድ ሮው የመምህራንን አጠያየቅ አጥንታ ነበር። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚናገሩት ተማሪዎችም በዙ። ከባድ ርዕስ ላይ ደግሞ 3 ሰከንድም አይበቃ ይሆናል። ዝምታው ያስጨንቃል። አወያዩ ግን በራሱ ወሬ እንዳይሞላው።

ዝምተኞቹን በስም እየጠሩ "አንተስ?" ማለት መፍትሔ አይመስለኝም። የተሻለው ሁሉም መጀመሪያ ለብቻው ሁለት ደቂቃ እንዲጽፍ፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር እንዲነጋገር፣ ከዚያ ለክፍሉ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። ይህ የሚሠራበት ምክንያት አለ። ሶሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ታዋቂ ሙከራዎች ሰዎች ዓይናቸው የሚያየውን እየካዱ ከቡድኑ የተሳሳተ መልስ ጋር ይስማሙ ነበር፤ ከመልሶቹ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ነበሩ። ቡድኑ ውስጥ አንድ ብቻ አጋር ሲገኝ ግን መስማማቱ በጣም ቀነሰ። አጠገቡ ካለው ጋር አስቀድሞ የተነጋገረ ተማሪ ያንን አንድ አጋር አግኝቷል ማለት ነው። ባይስማሙም እንኳ ሐሳቡን አንድ ጊዜ ከአፉ አውጥቶታል።

ደንቦቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያውጡ። "መከባበር" ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግን አይበቃም። "ስትከበር በምን ታውቃለህ?" ተብለው ይጠየቁ። አንዱ "ሳይቋረጥብኝ" ይላል። ሌላዋ "እዚህ ያልኩት ዶርም ውስጥ ወሬ ካልሆነ" ትላለች። እነዚህ የሚጠበቁ ደንቦች ናቸው። በተለይ ሁለተኛዋ። የተነገረ ነገር ስክሪንሾት ሆኖ የሚዞር ከሆነ ማንም እውነቱን አይናገርም።

በጣም የምቆረቆርበት አንድ ጥፋት አለ። ክፍል ውስጥ ከአንድ ማኅበረሰብ የመጣ ተማሪ ብቻውን ሲሆን "እስቲ አንተ የእናንተን ሰዎች አመለካከት ንገረን" ይባላል። ልጁ ስለ ሚሊዮኖች መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ከተናገረ ወገኑን ይፈራል፤ ዝም ካለ የደበቀ ይመስላል። ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ብቻ እንዲናገር መጠየቅ ይበቃል። ያንንም ከፈለገ። "ይለፈኝ" የማለት መብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም ግልጽ ይሁን።

ነገር ሲከር ደግሞ አወያዩ ያየውን በስሙ ይጥራ። "አሁን ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ቆም እንበል። ሁላችሁም የተሰማችሁን ጻፉ" ቢል በቂ ነው። የሚያቆስል ቃል ከተነገረም እንዳልሰማ ማለፍ የለበትም። ተናጋሪውን ምን ለማለት እንደፈለገ ይጠይቀው። ከዚያ ቃሉ ያረፈበት ሰው ምን እንደሰማ ይናገር፤ መናገር ከፈለገ። ያሰበው ሌላ ሆኖ የጎዳው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ገደቡ የት ነው?

በአክብሮት መነጋገር ማለት ሁሉም አባባል እኩል እውነት ነው ማለት አይደለም። መረጃ የሚፈታው ጥያቄ በመረጃ ይፈታ። ሰውየውን ማክበርና የተናገረውን መቀበል ለየቅል ናቸው።

ዛቻና ማስፈራራትም የሐሳብ ልዩነት አይደሉም። አንድ ተማሪ ሌላውን እያሳደደ ካስፈራራ፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ "ተደማመጡ" ማለት ተበዳዩን እንደገና መበደል ነው። ያ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ በዚያው መንገድ ይሂድ። ተቋማት ውይይትን ከሌላ ሥራ ማምለጫ ሲያደርጉት ተማሪዎች ቶሎ ይነቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ምንም ውይይት አይመጡም።

ነጥብ የሚሰጥበት ኮርስ ከሆነስ? አቋም ነጥብ አያሰጥ፣ አያስቀንስም። ይህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይነገር፤ ካልሆነ ተማሪው መምህሩ የሚወደውን እየገመተ ይጽፋል። የሚለካው ችሎታው ይሁን። አንዱ ጥሩ መመዘኛ ይህ ነው። ተማሪዋ የምትቃወመውን ሐሳብ በአንድ ገጽ ትጻፈው፣ ከነምክንያቶቹ፣ አንድም ሽሙጥ ሳይጨመርበት። ወረቀቱ ያንን ሐሳብ ለሚይዝ የክፍል ጓደኛዋ ይሰጠው። እሱ "ይህ የእኔ ነው" ብሎ ይፈርምበታል። ካልፈረመ የጎደለውን ከጎኑ ይጽፍላታል። እሷም ከእሱ ጋር እንደገና ቁጭ ብላ ታነጋግረዋለች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቅጂ ትጽፋለች። ነጥቡ የሚያዘው በሁለተኛው ቅጂ ነው።